በቀይ ቀለም የተጻፈ ስም

ፍስሐ ገነት ያለው ቤታችን ጓዳው ኮርኒስ የለውም። ገብቶ ቀና ያለ ሰው ከሞራሌው በላይ፣ በቆርቆሮው ሆድ ላይ፣ የእናቴን ስም በቀይ ቀለም ተጽፎ ያገኘዋል። ስሙ ተዘቅዝቋል። አናጢው ሲመታው የትኛው ፊደል ወደ ላይ እንደሆነ ግድ አልሰጠውም። ልጅ ሆኜ የሰው ሁሉ ጣሪያ የእናቱ ስም ያለበት ይመስለኝ ነበር። ጎረቤት ቤት ገብቼ ቀና ስል ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ሳይ አዘንኩላቸው።

ስሙን የጻፈው ቆርቆሮ ሻጩ ነው። በ1998 ዓ.ም. እናቴ መናኸሪያ አካባቢ ሻይና ቁርስ ትሸጥ ነበር፤ እኛም የምንኖረው በኪራይ ቤት ነበር። አንድ ቀን ሱቁ ሄደች፣ አርባ ቆርቆሮ አስቆጠረች፣ ዋጋውን ተከራክራ ቆረጠች፣ ከዚያ ከመቀነቷ ፈትታ ቀብድ ሰጠችው። ቀሪውን በየገበያው ቀን ሃያም ሠላሳም ብር እያደረገች ልትከፍል፣ እሱም ቆርቆሮውን ከጀርባ ባለው መጋዘን ሊያስቀምጥላት ተስማሙ። ከፍላ ስትጨርስ ትረከባለች። መጀመሪያ ስሟን በጠመኔ ነበር የጻፈው። በሳምንቱ ስትሄድ ደብዝዞ አገኘችው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ እስከ ጥምቀት አይቆይም» አለችው። እሱም እየሳቀ የበር ቀለም ቆርቆሮ ከፍቶ በብሩሽ ጻፈላት፤ ከላይ ያለው ላይም፣ ከሥር ያለው ላይም። እንግዲህ ጓዳችን ላይ የወጣው ከሁለቱ አንዱ ነው። ሌላው የት እንደተመታ አናውቅም።

አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀባት።

ለዚህ አሠራር እንደ እቁብ ወይም እንደ ዱቤ አንድ ቁርጥ ያለ ስም የለውም። እኛ ሰፈር «አስይዣለሁ» ነው የሚባለው። «ቆርቆሮ አስይዣለሁ»፣ «አልጋ አስይዣለሁ»፣ «ለልጄ ሰርግ ጋቢ አስይዣለሁ»። ዱቤ የሚባለው ዕቃው መጀመሪያ ይመጣል፣ ገንዘቡ ይከተላል። ማስያዝ ግልባጩ ነው፤ ገንዘቡ እየተንጠባጠበ ይሄዳል፣ ዕቃው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከ20 ዓመት በታች ለሆናችሁ ይህ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ያልተረከቡትን ዕቃ ለምን ይከፍላሉ? ገንዘቡን ቤት አስቀምጦ ሲሞላ መግዛት አይቻልም ወይ?

አይቻልም ነበር። እናቴን ብትጠይቋት ሁለት ምክንያት ትነግራችኋለች። አንደኛው፣ ቤት ያለ ብር የሁሉም ብር ነው። የታመመ ዘመድ ይመጣል፣ የዕድር ይመጣል፣ የልጅ ደብተር ይመጣል፣ አባቴም ይመጣል (ይህን የምትናገረው እሱ በሌለበት ነው)። «የለኝም» ማለት ውሸት ይሆናል፤ «ቆርቆሮ አስይዤበታለሁ» ማለት ግን እውነትም ነው፣ የሚያስከብርም ነው። ሁለተኛው ምክንያት የቡና ነው።

ፍስሐ ገነት በኮቸሬ ወረዳ፣ ከዲላ ተነስቶ ወናጎንና ይርጋጨፌን አልፎ ወደ ሀገረ ማርያም በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። አስፋልቱን ለቃችሁ ሃያ እርምጃ ብትገቡ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው በላይ ትልልቅ ዛፍ ታገኛላችሁ። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ማለት ይኸው ነው። እንሰቱ ዓመቱን ሙሉ ያበላል፤ ገንዘብ የሚያመጣው ግን ቡናው ነው፣ እሱም ቀይ እሸቱ በሚለቀምበት በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ። በእነዚያ ወራት ከተማዋ ሌላ ናት። ሌሊት የጭነት መኪና ይጮኻል፣ ምግብ ቤቱ ይሞላል፣ ሥጋ ቤት ወረፋ ይያዛል፣ ገበሬው ላስቲክ ጫማውን ሳያወልቅ ሱቅ ይገባል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ብር ከከተማው ተጠራርጎ ይጠፋል። ቡና የሌላት እናቴ እንኳ ኑሮዋ የቡና ነበር፤ ሻይዋን የሚጠጡት የቡና ሰዎች ናቸውና።

ቆርቆሮ ታዲያ የሚወደደው መቼ ነው? ሁሉም ሰው ብር በያዘበት ጊዜ ነዋ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ። በሰኔ ዋጋ የቆረጠ ሰው በኅዳሩ ግርግር ውስጥ አይገባም። ባለሱቁ ደግሞ በሰኔና በሐምሌ ሱቁ ጭር ሲልበት፣ ከእናቴና ከመሰሎቿ የሚንጠባጠበው ሃያ ሠላሳ ብር ተጠራቅሞ ዲላ ወይም መርካቶ ወርዶ ዕቃ ማምጫ ይሆነዋል። ወለድ የለው፣ ማስያዣ የለው፣ ባንክ ደጅ መጥናት የለው። እሷ ዋጋ ያዘች፣ እሱ ብር አገኘ። መዝገቡ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ። ለደንበኛው ደግሞ ከሲጋራ ካርቶን የተቆረጠች ቁራጭ ትሰጠዋለች፣ በእሷ ላይ ይፈረማል። የእናቴ ካርቶን እስካሁን አለች፤ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ፣ መዝሙረ ዳዊት ላይ።

አሁን የምለውን ለመረዳት የዚህን አገር የቡና ውል ታሪክ ትንሽ ማወቅ ይጠይቃል። በቡና አገር ገንዘብ ቀድሞ የሚፈሰው ብዙውን ጊዜ ከሀብታሙ ወደ ድሃው ነው። ክረምት ላይ ልጅ ታሞበት ወይም እህል አልቆበት የተቸገረ ገበሬ ነጋዴ ዘንድ ይሄዳል፤ ነጋዴው ብር ይሰጠዋል፤ ገበሬው ገና ያልቀላውን፣ አንዳንዴም ገና አበባ የሆነውን ቡናውን በዚያን ቀን ዋጋ ይሸጥለታል። ኅዳር ሲደርስ ቡናው ከሌላ ሰው ዛፍ የተለቀመ ያህል ነው። ብድሩ ወለድ የለውም ይባላል፤ ወለዱ ያለው ዋጋው ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ዛፉ ራሱ የገበሬው አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች ከምርታቸው ባለርስት በሚወስደው ድርሻ ምክንያት ተነስተው ሚችሌ ላይ በደም የተከፈለበት አመፅ ያደረጉት ለዚህ ነው። መሬቱ ከባለርስት እጅ በአዋጅ የወጣው ከ15 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ሳስበው የሚገርመኝ፣ የቀብድ ሕጋችን የወጣው በዚያው በ1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የፓሪሱ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን ታወጀ። ቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። ቁጥር 1885 ደግሞ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ ተቀባዩ ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል ይላል። ሬኔ ዳቪድ ኮቸሬን አያውቁም። ኮቸሬም እሳቸውን አታውቅም። ግን እናቴ፣ ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለችው፣ «ቀብድ የበላ እጥፍ ይከፍላል» የሚለውን እንደ ጸሎት ታውቀዋለች። ሕጉ ከገበያው ተምሮ ይሁን ገበያው ከሕጉ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ሰፌድና ግጥሙ ሆኑ።

እና ልል የፈለግኩት ይሄ ነው። ቡናውን በአበባው የሚሸጠው ገበሬ ባለዕዳ ነው። ዱቤ የሚወስደው ባለዕዳ ነው። ጭሰኛው ባለዕዳ ነበር። በከተማችን ድሃ ሰው አበዳሪ፣ ባለሀብቱ ባለዕዳ የሚሆንበት ውል ቢኖር ማስያዝ ነበር። እናቴ በዚያ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ በሱቁ ደጅ ስታልፍ አንገቷን ደፍታ አላለፈችም። ሰላምታ የሚያስቀድመው እሱ ነው። «እህቴ፣ ቆርቆሮሽ ሰላም ነው» ይላታል፤ እንደ ልጅ ጤና።

ገነት ነበር አላልኩም። ቀብድ በልቶ ከከተማ የጠፋ ልብስ ሰፊ ታሪክ በየሰፈሩ አለ። እኔም ደርሶብኛል። በ2009 ዓ.ም. ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አንድ ቡቲክ ውስጥ ጃኬት ወድጄ 300 ብር አስያዝኩ። በወሩ ቀሪውን ይዤ ስሄድ ጃኬቱ የለም። ልጁ ሳያፍር 300 ብሬን ቆጥሮ መለሰልኝ። «እጥፍ ነው እንጂ!» አልኩት፣ ልክ እንደ እናቴ። ሳቀ። «ክሰሺኛ» አለኝ። ለ300 ብር ማን ይከሳል? ያን ቀን የገባኝ፣ የፍስሐ ገነቱን ባለሱቅ የያዘው ቁጥር 1885 ብቻ አለመሆኑ ነው። እሱ የሚቀበርበትን ዕድር ከእናቴ ጋር ይጋራል። የቡቲኩ ልጅ እኔን ድጋሚ እንደማያየኝ ያውቃል።

ስለ ማስያዝ ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ ግን የአንድ ሰው ፊት ነው። 2010 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና ያላለቁ ሕንፃዎች በሰው ተሞሉ። በዚያ ክረምት ለዕረፍት ቤት ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ለተፈናቃዮች ቆጮ ይዘን ስንሄድ፣ ባለቆርቆሮው ሱቅ በር ላይ አንድ ጎልማሳ ቆሞ አየን። ልብሱ የሰው ነው፣ አይሆነውም። በእጁ የሲጋራ ካርቶን ቁራጭ ይዟል፤ በላብና በዝናብ ርሷል፣ ጽሑፉ አይነበብም። ባለሱቁ ካርቶኑን አላየውም። ደብተሩን ነው የገለጠው። «ሃያ ሁለት አለህ» አለው።

ሰውዬው ሃያ ሁለት ቆርቆሮ በሙሉ ከፍሎበታል፣ ገና ስምንት ይቀረው ነበር። ቤቱ ተቃጥሏል። ከብቱ የለም። በዚያ ሳምንት በዓለም ላይ ያለው ንብረት፣ ቤቱ ስላልወሰደው የተረፈው ብቻ ነበር። «ምን ላድርግልህ?» አለው ባለሱቁ። ሰውዬው ለረዥም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ስድስቱን በብር ስጠኝ። ሌላውን ያዝልኝ» አለ። ባለሱቁ የስድስቱን በዕለቱ ዋጋ ቆጥሮ ሰጠው እንጂ በተያዘበት አልሰጠውም። ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳሰላው፣ ለሰውዬው ከከፈለው በላይ ነው የተመለሰለት። ሕጉ ይህን አያዝዝም። ማንም አያዝዝም።

ታዲያ ይህ ነገር እንዴት ሞተ? ሰው ክፉ ስለሆነ ነው የሚለውን የሽማግሌ መልስ አልቀበልም። ባለሱቁ አልተለወጠም። የተለወጠው ብሩ ነው።

ማስያዝ የሚቆመው በአንድ እንጨት ላይ ነው፤ ዛሬ የተቆረጠ ዋጋ ከዓመት በኋላም ለሁለቱም ወገን የሚቻል መሆን አለበት። ይህ እንጨት መንቀጥቀጥ የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ገደማ የዋጋ ንረቱ ሲመጣ ነው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ስኳርና ዘይትን ጨምሮ በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ እስከ ማስቀመጥ ደረሰ፤ ከወራት በኋላም አብዛኛውን አነሳው። ቆርቆሮ ደግሞ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ብረት ነው፤ ዶላር ባስነጠሰ ቁጥር ቆርቆሮ ጉንፋን ይይዘዋል። በ2003 ዋዜማ ብር ረከሰ፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በአንድ ቀን 15 በመቶ ረከሰ። መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ተቀየሩ። ያኔ ፍራሽ ሥር ያስቀመጠ ሁሉ ባንክ ተሰለፈ። እናቴ ግን «እኔማ ብር አላስቀምጥም፣ ዕቃ ነው የማስይዘው» ብላ ኮራች። የመጨረሻ ኩራቷ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ዋጋውም ልጓም በጠሰ። በመጨረሻ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ አንድ ቀን ቀደም ብሎ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ ተባለ፣ ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ።

አሁን ቁጥር 1885ን ይዘን እንቁጠር። አንዲት ሴት የ20,000 ብር ቆርቆሮ ቆርጣ 2,000 ብር ቀብድ አስያዘች እንበል። በስድስት ወር ዋጋው 32,000 ሆነ። ባለሱቁ ውሉን ቢያፈርስ ምን ይጎዳል? እጥፉን፣ 4,000 ብር ይመልሳል፤ ከኪሱ የወጣው 2,000 ነው። ቆርቆሮውን ለሌላ ሰው በ32,000 ሲሸጥ 12,000 ብር ተጨማሪ ያገኛል። ቅጣቱን ከፍሎ 10,000 ብር አተረፈ። በ1952 ዓ.ም. እጥፍ መመለስ የሚያስፈራ ቅጣት ነበር። ዛሬ የንግድ ወጪ ነው። ሐቀኛው ባለሱቅ ደግሞ ውሉን ቢያከብር፣ በ20,000 የሸጠውን ዕቃ ለመተካት 32,000 ይዞ መርካቶ ይወርዳል። ሌባው አተረፈ፣ ሐቀኛው ከሰረ። እንዲህ ባለ ገበያ ሐቀኛ ሰው አንድ ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፤ ቀብድ አለመቀበል። የእኛው ባለሱቅ ያደረገው ይህን ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በሱቁ ግድግዳ ላይ «የዛሬ ዋጋ ለዛሬ ብቻ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ቀድሞ እዚያው ቦታ ላይ የነበረው «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚለው ነበር። ያኛው ቀልድ ነው። ይሄኛው ቀልድ አይደለም።

በነገራችን ላይ ቀብድ የከበደው ለባለሱቅ ብቻ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለ20/80ና ለ40/60 ቤት የተመዘገበውን ሕዝብ አስታውሱ። ያ ምን ነበር? ማስያዝ ነው እኮ፤ ከማስያዝ ሁሉ ትልቁ። በየወሩ ባንክ እየሄዱ እያጠራቀሙ ዕቃውን መጨረሻ ላይ መጠበቅ። ዕጣ የደረሳቸው ሲመዘገቡ የተነገራቸው ዋጋና ሲረከቡ የጠበቃቸው ዋጋ አንድ አልነበረም፤ ያልደረሳቸው አሁንም አሉ። አጎቴ ከእነሱ አንዱ ነው። የእሱ ካርቶን የባንክ ደብተር ነው፤ የእኛን ያህል ግን አላማረበትም።

ይህን ሁሉ አሜሪካ ላለችው የአክስቴ ልጅ በስልክ ሳወራላት «እዚህም እኮ ነበር፣ ሌይአዌይ ይባላል» አለችኝ። ገብቼ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ የተስፋፋ ነው፤ ሱቁ ዕቃውን መጋዘን ያስቀምጣል፣ ደንበኛው እየከፋፈለ ይከፍላል፣ ሲጨርስ ይረከባል። ቁርጥ የእናቴ ቆርቆሮ! እዚያ የገደለው ግን የዋጋ ንረት አይደለም፣ የክሬዲት ካርድ ነው። ዕቃውን ዛሬ ወስዶ በኋላ መክፈል ከተቻለ ማን ይጠብቃል? ዋልማርት የተባለው ግዙፍ ሱቅ እ.ኤ.አ. በ2006 አቆመው። በ2008 የባንኮች ቀውስ መጥቶ ሰው ካርዱን ሲፈራ፣ በ2011 ለገና በዓል መለሰው። በ2021 እንደገና ተወው፤ በምትኩ አፈርም የተባለ፣ አሁን ውሰድ በኋላ ክፈል የሚል የብድር ድርጅት አቀረበ። እነሱ ትዕግሥት አስጠልቷቸው ተዉት፣ እኛ ትዕግሥት ከሰረብን። የደረስነው ግን አንድ ቦታ ነው።

ምክንያቱም እኛም ስልካችን ላይ ነን። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የሚል አነስተኛ ብድር፣ «እንደኪሴ» የሚል ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላ ብድርና «ሳንዱቅ» የሚል ቁጠባ አወጣ። ዳሸን ደግሞ «ዱቤ አለ» የሚል፣ ዕቃ ወስዶ በኋላ እየከፋፈሉ የሚከፍሉበት አገልግሎት አለው። ስሞቹን የመረጠው ሰው አማርኛ ያውቃል፤ መላ፣ ኪስ፣ ሳንዱቅ፣ ዱቤ፣ ሁሉም ከእናቴ አፍ የወጡ ይመስላሉ። እኔም እጠቀማለሁ። ባለፈው ዓመት የስልክ ስክሪን ሲሰበርብኝ ያዳነኝ መላ ነው፤ አልክድም። ተበዳሪውን ሳያዋርድ፣ ዋስ ሳይጠራ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ብር የሚሰጥ ነገር አያቶቻችን ቢያዩት ይደነቁ ነበር።

ግን አቅጣጫውን አስተውሉ። ሁሉም ከላይ ወደ ታች ነው። ቡናን በአበባው እንደሚገዛው ነጋዴ፣ ገንዘቡ ይቀድማል፣ ባለዕዳዋ እኔ ነኝ፣ አገልግሎት ክፍያውን የምከፍለው እኔ ነኝ። «ሳንዱቅ» ይቆጥብልኛል፤ ዋጋ ግን አይቆርጥልኝም። እናቴ በ1998 ዓ.ም. ያስያዘችው ብር አልነበረም እኮ፣ ዋጋ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆርቆሮ ቢወደድ ያ የባለሱቁ ጭንቀት ነበር። ዛሬ ይህን ጭንቀት ከድሃ ሰው ትከሻ ላይ የሚያወርድ ባንክም፣ አፕም፣ ሱቅም አላገኘሁም። በጉልበት ያለው ሁሉ የዋጋ ለውጡን ወደ ታች ያወርደዋል፤ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው መናኸሪያ አጠገብ ሻይ በምታፈላ ሴት ላይ ነው። እሷም በተራዋ የሻይዋን ዋጋ ትጨምራለች፣ ደንበኛዋም ያጉረመርማል።

የድሮው ባለሱቅ አሁን አርጅቷል፤ ሱቁን የያዘው ልጁ ነው። ባለፈው ክረምት ጣሪያችን በጓዳው በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ሁለት ቆርቆሮ ይበቃል አለ አናጢው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ለልጁ እንደ ድሮው ቀብድ ዘረጋችለት። ልጁ እንደ መደንገጥ አለ፤ በእጁም ብሩን አልነካውም።

«እማማ፣ እኔ ይዤልዎት ዋጋው ቢጨምር እንዴት አድርጌ ነው ጨምሩ የምልዎት? አባቴ አያሳየኝ!»

ጥግ ላይ ወንበር ይዞ ፀሐይ የሚሞቀው አባቱ ሰማ። ምንም አላለም። እናቴን ሰላም ሊላት ብድግ ለማለት ሞከረና ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። «ተወው ጋሼ፣ ተቀመጥ» አለችው። ስለ ጤናው ጠየቀችው፣ ስለ ልጆቿ ጠየቃት። ስለ ቆርቆሮ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

በያዘችው ብር አንድ ቆርቆሮ ገዛች። ባለጋሪ ልጥራ ስላት እምቢ ብላ እኔና እሷ ከሁለት ጫፍ ይዘን በአስፋልቱ ዳር ዳር ወሰድነው፤ መኪና ባለፈ ቁጥር እንደ ክንፍ እየተንቀጠቀጠ። ሁለተኛውን እስክትገዛ አይመታም አለች። አልጋዋና ግድግዳው መካከል አቆምነው። ማታ ራት ከበላን በኋላ «ያ ፓርከርሽ አለ?» አለችኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ በገዛ ቤቷ፣ ማንም በማይገባበት መኝታ ቤቷ፣ ቆርቆሮው ላይ ስሟን ጻፈችበት።